የዶክተርነት ማዕርግ ይበልጣል ወይስ የሥራ ልምድ?

የትምህርቱ ዘመን ወደ መጨረሻው በተቃረበ ቍጥር፣ በመኝታ ቤትም ሆነ በምግብ አዳራሽ ሁለት ተመራቂዎች በተገናኙበት ቦታ ሁሉ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ከተመረቅን በኋላ ሥራ እንያዝ ወይስ ትምህርታችንን ቀጥለን እስከ ዶክተርነት ማዕርግ እንድረስ?» የሚለው ነው። አንደኛው ወገን «ዕድሜ ሳይገፋ፣ ትዳርና ልጅ ሳይመጣ፣ አእምሮ ገና ትኵስ ሳለ መማር ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ወረቀት እንጀራ አይሆንም፤ ሰው የሚማረው ሥራ ላይ ነው» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ሲጦፍ ያመሽና ማንም ማንንም ሳያሳምን ሁሉም ወደ አልጋው ይሄዳል።

እኛም ይህን ነገር ከጩኸት አውጥተን፣ በአገራችንና በተለይም በገዛ አካባቢያችን ከሆነው ጋር እያገናዘብን፣ ረጋ ብለን ልንመረምረው ወደድን። ጥያቄው የተመራቂው የግል ጕዳይ ብቻ አይደለምና። ከጎንደር በስተሰሜን ወደ ሳንጃና ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን የላይ አርማጭሆን ዋና ከተማ ትክል ድንጋይን ለምሳሌ እንውሰድ። ከዚያ አካባቢ አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከኋላው ያለው ጕልበት የአንድ ሰው ጕልበት አይደለም። አባት ወይፈን ሽጦ ይሆናል፤ እናት ከጓዳዋ ቀንሳ ይሆናል፤ ታላቅ ወንድም በሰሊጥ አረምና አጨዳ ወራት ወደ ቈላ ወርዶ፣ በሐሩር ሠርቶ ያገኘውን የቀን ሙያተኛ ደመወዝ ልኮ ይሆናል። እንግዲህ «አራት ዓመት ልጨምር» የሚለው ቃል በአንድ ሰው አፍ ቢነገርም የሚከፈለው በብዙ ሰው ትከሻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ዶክተር ማለት ምን ማለት ነው?

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንናገር። በአገራችን «ዶክተር» የተባለ እንደ ሆነ ሰው ሁሉ የሚያስበው መርፌና መድኀኒት የያዘውን ሐኪም ነው። ስለዚህም በታሪክ ወይም በአፈር ጥናት ዶክተር ተብሎ ወደ ትውልድ ቀዬው የተመለሰ ሰው «እንግዲህ ዶክተር ከሆንህ ልጄ፣ ይህችን ሕፃን እስቲ እያት፤ ትኵሳት ከያዛት ሦስት ቀኗ ነው» ቢባል ሊደነቅ አይገባውም። ሐኪሙ ዶክተር የሚባለው ሰውን ለማከም ስለ ተማረና ስለ ተፈቀደለት ነው። እኛ የምንናገርለት ግን «ፒ.ኤች.ዲ.» የሚባለው፣ ከመጀመሪያ ዲግሪና ከማስተርስ በኋላ የሚመጣው የምርምር ማዕርግ ነው።

ይህ ማዕርግ ብዙዎቻችን እንደሚመስለን በጣም ጥንታዊ አይደለም። የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አርአያ ሆኖ የሚቈጠረው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1810 ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ማዕርጉን ከዬል ዩኒቨርሲቲ ያገኙት በ1861 ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር ያን ያህል ዕድሜ ያለው ኦክስፎርድ እንኳ ማዕርጉን ያቋቋመው በ1917 ነው። ወደ አገራችን ስንመለስ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን በ1978 ከፍቶ፣ የዶክተርነት ትምህርት የጀመረው በ1987 ነው። ከዚያ በፊት ማዕርጉን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት።

የትምህርቱ ዓይነትም ከለመድነው ይለያል። በመጀመሪያ ዲግሪ ሰው የሚፈተነው ሌሎች ያወቁትን በማወቁ ነው። በማስተርስ የታወቀውን አጥልቆ ማወቁና በዘዴ መጠቀሙ ይታያል። በዶክተርነት ግን ተማሪው ከዚያ በፊት ማንም ያልመለሰውን አንድ ጥያቄ አንሥቶ፣ በማስረጃ መልሶ፣ መልሱን በጽሑፍ አቅርቦ በፈታኞች ፊት መከላከል አለበት። ጥያቄው ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር አዲስ መሆኑና መልሱ በማስረጃ መቆሙ ነው።

ይህ ነገር ለጎንደር ሰው ፈጽሞ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በጎንደር በአታ የአቋቋም ምስክር ቤት፣ ብዙ ዓመት ቆሎ እየቆረጠመ የተማረ ተማሪ በመምህሩ ፊት ካላስመሰከረ ወንበር ዘርግቶ ማስተማር አይችልም። በቅኔ ቤትም ተማሪው ትናንት የተነገረውን የሌላ ሰው ቅኔ ደግሞ ቢያቀርብ እንደ ተቀኘ አይቈጠርለትም፤ አዲስ መፍጠር አለበት። በተጨማሪም በዚያ ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን እያስተማረ ይማራል እንጂ፣ ትምህርትና ሥራ በግድግዳ ተለያይተው የሚቆሙ አይደሉም። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ዋጋው ምን ያህል ነው?

በአገራችን ለዶክተርነት ትምህርት የሚመደበው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት ነው። ነገር ግን በአራት ዓመት የሚፈጽመው ሁሉም ተማሪ አይደለም። መሣሪያው ሲበላሽ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለ ሆነ ወራት ይፈጃል። የሚመራው መምህር ሥራ ይበዛበታል ወይም ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። መረጃ የሚሰበሰብበት መንደር ዝናብ ወይም የሰላም ማጣት ይዘጋዋል። በተለይ በአማራ ክልል ከ2023 ጀምሮ በተነሣው ግጭት ምክንያት፣ ወደ ገጠር ወጥቶ መረጃ መሰብሰብ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ለአካባቢው ሰው መንገር አያስፈልግም።

ዋጋው ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። በዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ ተቀጥሮ፣ በመሥሪያ ቤቱ ተልኮ የሚማር ሰው በተለምዶ ደመወዙ ይጠበቅለታል፤ ሲመለስም በገባው ውል መሠረት ያገለግላል። ለእርሱ ዶክተርነት የሥራው አንድ ክፍል ነው። በሌላ በኩል ሥራውን ለቆ፣ ከኪሱ እየከፈለ ወይም በዘመድ ድጋፍ እየኖረ የሚማር ሰው የሚከፍለው ሁለት ጊዜ ነው፤ ያወጣውን ገንዘብና ሊያገኝ ይችል የነበረውን ደመወዝ። የኑሮ ውድነት ባለበት ዘመን ደግሞ የአራት ዓመት ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም።

የሚያስገኘውስ? በዩኒቨርሲቲ ውስጥ መልሱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው በረዳትነት፣ ማስተርስ ያለው በሌክቸረርነት ሲቀጠር፣ ዶክተሩ ከረዳት ፕሮፌሰርነት ይጀምራል። ማስተማርና መመራመር የሕይወቱ ጥሪ ለሆነ ሰው ይህ ማዕርግ የቤቱ ቍልፍ ነው። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ በአገሪቱ በዩኒቨርሲቲነት የሚታወቁት የአዲስ አበባና የዓለማያ ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቍጥር ከ40 በላይ ነው። የጎንደርም በዩኒቨርሲቲ ስም መጠራት የጀመረው በ2004 ነው። ለእነዚህ ሁሉ ዩኒቨርሲቲዎች ዶክተር መምህራን እንደሚያስፈልጉ የታወቀ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ አጥር ውጭ ግን መልሱ ይደበዝዛል። በጋዜጣና በሰሌዳ ላይ የሚወጡትን የሥራ ማስታወቂያዎች የተመለከተ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከትምህርት ደረጃው ቀጥሎ የሚመጣው «የሥራ ልምድ፦ ይህን ያህል ዓመት» የሚለው መስመር ነው። ከፍ ያለ ዲግሪ የሚጠየቀውን የዓመት ቍጥር ይቀንሰው ይሆናል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። ድልድይ የሚያሠራ ኩባንያ የሚፈልገው ድልድይ ያሠራን መሐንዲስ ነው። ሆስፒታል የሚያስተዳድር ሰው፣ መድኀኒቱ ሳይመጣ ሲቀርና ጄኔሬተሩ ሲቆም ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ መሆን አለበት። ይህንም ከመጽሐፍ የሚያገኘው ጥቂቱን ብቻ ነው።

ሥራ የሚያስተምረው

የሥራን አስተማሪነት ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ 7,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ተመዝግቧል። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ለአንድ ሐኪም የሚያስፈልገውን ረጅም ዘመን ጠብቆ፣ ለያንዳንዱ ወረዳ ሐኪም እስኪደርስ እንቀመጥ ቢባል ኖሮ የሚጠብቀው ሕዝብ አይተርፍም ነበር። ስለዚህ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት በተገኘ ርዳታ በ1954 የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን ጎንደር ላይ አቋቋመ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ይህ ነው።

ኮሌጁ ያሠለጠናቸው የጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታርያኖችን ነበር። ትልቁ ቁም ነገር ግን እንዴት ያሠለጥናቸው እንደ ነበር ነው። ሦስቱን ሙያ በአንድ ቡድን አሰልፎ እንደ ዳባትና ቈላ ድባ ወደ መሳሰሉ ጤና ጣቢያዎች ይልካቸው ነበር። የጤና መኰንኑ ሲያክም፣ ነርሷ በየቤቱ ስትዞር፣ ሳኒታርያኑ ምንጭ ሲያጐለብትና መጸዳጃ ሲያስቈፍር፣ ሦስቱም አንድ በሽታ በሦስት በር እንደሚገባ በዐይናቸው ያዩ ነበር። እንዲህ የሠለጠኑት ሰዎች የዶክተርነት ማዕርግ ሳይኖራቸው በየጠቅላይ ግዛቱ የጤና ጣቢያ ኀላፊዎች ሆነው፣ አገር የሚያህል ሥራ ሠርተዋል። ሐኪሞችን የሚያስመርቀው ትምህርት በጎንደር የተከፈተው ዘግይቶ በ1978 ሲሆን፣ እርሱም በላይፕሲክ ከሚገኘው ከካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነበር። በመካከሉ ያለው የ24 ዓመት ዘመን የተሸፈነው በሥራ በተፈተኑ ሰዎች ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? ሥራ የሚሰጠው ዕውቀት ሦስት ነገር አለበት። አንደኛ፣ ችግሮች በየትምህርት ክፍላቸው ተለይተው እንደማይመጡ ያስተምራል፤ የታመመችው እናት የሕክምና፣ የመንገድ፣ የውሃና የገንዘብ ችግር በአንድነት ተሸክማ ትመጣለች። ሁለተኛ፣ ከሰው ጋር መሥራትን ያስተምራል፤ ከዘበኛ እስከ አስተዳዳሪ፣ ከቄስ እስከ ነጋዴ ያለውን ሰው ማነጋገር ያልቻለ ባለሙያ ዕውቀቱ ከራሱ ጋር ተቈልፎ ይቀራል። ሦስተኛ፣ የትኛው ጥያቄ አንገብጋቢ እንደ ሆነና የትኛው ቢዘገይ እንደማይጐዳ መለየትን ያስተምራል።

ሥራ ብቻውን የማያየው

እስካሁን የተናገርነውን ያነበበ ሰው «እንግዲያማ ዶክተርነት ለምን ያስፈልጋል?» ሊለን ይችላል። ነገር ግን ሥራም የራሱ ዕውርነት አለው። ልምድ ማለት ቀድሞ ባየነው ነገር አዲሱን መለካት ነው። አዲሱ ነገር ቀድሞ ያላየነው ዓይነት የሆነ እንደ ሆነ ልምድ ራሱ ያሳስታል።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም የደረሰው ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ደጋማ ወረዳ ሰዎች ትኵሳት ይዟቸው ለወራት ሳይለቃቸው፣ ጣፊያቸው አብጦ፣ ሰውነታቸው እየመነመነ ይሞቱ ጀመር። ትኵሳትና የጣፊያ ማበጥ በዚያ አገር ለረጅም ዘመን የሚታወቀው በወባ ነው። ስለዚህ መድኀኒት የማይበግረው ወባ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። በ2005 ግን በምርመራ ሲረጋገጥ በሽታው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር በሑመራና በመተማ ቈላ የታወቀ፣ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው በሽታ ነው። በደጋው ግን ከዚያ በፊት አይታወቅም ነበር። ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ወደ ቈላ ወርደው በተመለሱ ሠራተኞች አማካይነት ሳይመጣ እንዳልቀረ ይገመታል። ከትክል ድንጋይ ወደ ሳንጃ፣ ከሳንጃም ወደ ሑመራ የሚወርደው ወጣት የሚጋፈጠውም ይህንኑ በሽታ ነው።

እዚህ ላይ የጤና ሠራተኞቹን ማንም ሊወቅስ አይገባም፤ ያዩት ልምዳቸው ያሳያቸውን ነበር። ያስፈለገው ግን ቆም ብሎ «ይህ ወባ ካልሆነስ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ጥያቄውንም በቤተ ሙከራ የሚፈትን ሰው ነበር። የምርምር ትምህርት የሚያሠለጥነው ይህንን ነው፤ የለመድነውን መልስ የመጠራጠር ሥነ ሥርዓት።

የዚሁ በሽታ ሕክምናም ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ቀድሞ የካላዛር በሽተኛ የሚታከመው በ30 ቀን ተከታታይ መርፌ ነበር። በኋላ በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ በተደረገ ሙከራ ሁለት መድኀኒቶች በአንድነት ሲሰጡ በ17 ቀን እንደሚፈውሱ ተረጋገጠ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ ይህንኑ እንዲሆን አሳሰበ። ጎንደርም ሙከራው ከተካሄደባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች። 13 ቀን መቀነሱ በወረቀት ላይ ትንሽ ቍጥር ይመስላል። በአጨዳ ወራት ለታመመ የቀን ሠራተኛ ግን 13 ቀን ማለት የ13 ቀን ሕመም፣ የ13 ቀን መርፌና የ13 ቀን ደመወዝ ማለት ነው። ይህን ያህል ቀን ለመቀነስ በሽተኞችን በጥንቃቄ መመደብ፣ መከታተል፣ መቍጠርና ማነጻጸር ያስፈልጋል። የአንድ ጐበዝ ሐኪም የ20 ዓመት ልምድ ብቻውን ይህን ሊያረጋግጥ አይችልም፤ በአንድ ሰው ዐይን የሚታየው ጥቂት ነውና።

ሁለቱ የተገናኙበት

የሥራ ዕውቀትና የምርምር ዕውቀት እንዴት እንደሚጋቡ ከሚያሳዩት ሁሉ የሚበልጠው የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ይመስለናል። አክሊሉ በ1964 ዐድዋ አጠገብ ስለ ብልሃርዝያ ጥናት ሲያደርጉ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ብልሃርዝያን ወደ ሰው የሚያደርሰው ጥገኛ ትል ከነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድጋልና፣ ቀንድ አውጣው ሲሞት የበሽታው መንገድ ይቈረጣል።

ነገሩን እናስተውለው። እንዶድ ነጭ ልብስን እንደሚያጠራ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ። ወንዙ ዳር የሚውሉትም እነርሱ ናቸው። ነገር ግን የሞተው ቀንድ አውጣ ከብልሃርዝያ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለማየት ሥነ ሕይወትን የተማረ ዐይን ያስፈልግ ነበር። በአንጻሩ ደግሞ ያ የተማረ ሰው በጆንስ ሆፕኪንስ ቤተ ሙከራ ተቀምጦ ቢቀር ኖሮ እንዶዱንም፣ ወንዙንም፣ ሴቶቹንም አያያቸውም ነበር። ግኝቱ የተወለደው የዶክተርነት ትምህርትና የወንዝ ዳር ሥራ በተገናኙበት ቦታ ነው። አክሊሉ በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ስለ እንዶድ ሥራቸው ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት ግን በ1989፣ ከ25 ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ማዕርጉ የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልነበረም።

በዚያው በ1989 ያንኑ ሽልማት ያገኙት ሌላው ኢትዮጵያዊ ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። በአሜሪካ በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ያገኙ የዕፅዋት ሊቅ ሲሆኑ፣ የሚታወቁት ገበሬው ለዘመናት መርጦ ያቈየውን የአገር ዘር ከገበሬው ጋር ሆኖ በመጠበቅ ነው። ለእርሳቸው ገበሬው የሚጠና ነገር ሳይሆን የሥራ ባልደረባ ነበር።

ተቃራኒውንም እንስማ

ሚዛናችን ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል የሌላውንም ወገን ክርክር ማቅረብ ግዴታችን ነው። ሳያቋርጡ ተምረው ታላቅ ሥራ የሠሩ ሰዎች አሉ። ዶክተር ገቢሳ እጀታ ከዓለማያ ኮሌጅ በ1973 ተመርቀው፣ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ያገኙት በ1978 ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሱዳን ሄደው ድርቅን የሚቋቋም ዲቃላ ማሽላ አወጡ፤ ቀጥለውም አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አስገኙ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ። አቀንጭራ የማሽላን ሥር ይዞ እንዴት እንደሚያመነምን የአርማጭሆ ቈላ ገበሬ ያውቃልና፣ የዚህን ሥራ ዋጋ ለእርሱ ማስረዳት አያስፈልግም። ደግሞም እንደ ሒሳብና እንደ ረቂቅ ፊዚክስ ባሉ የትምህርት ዓይነቶች፣ ትምህርቱን ለብዙ ዓመት አቋርጦ መመለስ በእውነት ከባድ ነው። ለእንደዚህ ያለው ተማሪ «መጀመሪያ ሥራ ያዝ» ብሎ መምከር ልክ ላይሆን ይችላል።

ነገር ግን በዚህም ምሳሌ ውስጥ አንድ ነገር ልብ እንበል። የገቢሳ ዕውቀት ፍሬ ያፈራው በሱዳን እርሻ ላይ ነው። ሥራው ከትምህርቱ በኋላ መጣ እንጂ አልቀረም። የሚያስፈራን ሥራና ትምህርት ቅደም ተከተላቸውን መለዋወጣቸው ሳይሆን፣ አንደኛው ፈጽሞ ሳይመጣ መቅረቱ ነው።

ይህም የሚያሰጋ ነገር በመካከላችን አለ። በየዩኒቨርሲቲው ከፍተኛ ውጤት ያመጣው ተመራቂ ወዲያው በረዳት መምህርነት ይቀራል፤ ከዚያ ለማስተርስ፣ ከማስተርስ ለዶክተርነት ይላካል። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው አንድም ቀን በግብርና ጽሕፈት ቤት ሳይሠራ ግብርናን፣ አንድም ቤት ሳያሠራ ግንባታን፣ አንድም መዝገብ ሳይዘጋ የሒሳብ አያያዝን ሊያስተምር ይችላል። ጥፋቱ የሰውየው አይደለም፤ መንገዱ ያሳለፈው እንዲያ ነው። የሚጐዳው ግን ከፊቱ የተቀመጠው ተማሪ ነው።

ይህን ጕድለት ቀድሞ ያሰቡበት ነበሩ። በ1964 የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለውን ደንብ አውጥቶ፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል አደረገ። አብዛኞቹ በገጠር ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ሆኑ። ከአዲስ አበባ ወጥቶ የማያውቀው ወጣት የገዛ አገሩን ድህነትና ብልሃት በዐይኑ አየ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲመለስም የሚጠይቀው ጥያቄ ተለወጠ። ያ ደንብ ዛሬ የለም፤ የያዘው ሐሳብ ግን አላረጀም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የኛ አስተያየት ይህ ነው። ዶክተርነት ለአንድ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የሚኬድ መንገድ ነው። ጥያቄ የሌለው ሰው መንገዱን ቢጀምር ይደክማል፤ ቢጨርሰውም በስሙ ፊት አንድ ቃል ይጨምራል እንጂ በዕውቀት ላይ የሚጨምረው ብዙ አይሆንም። ለአብዛኞቻችን ደግሞ እውነተኛ ጥያቄ የሚወለደው ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ መቋረጥ የማይችልበት ካልሆነ በቀር፣ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ ከዚያ መወሰን ይሻላል እንላለን። እርግጥ ነው፣ ደመወዝና ትዳር ሰውን አስረው ሊያስቀሩት ይችላሉ። ነገር ግን ሦስት ዓመት ሠርቶ ጥያቄው የጠፋበት ሰው፣ መጀመሪያውንም የያዘው ጥያቄን ሳይሆን የማዕርግን ምኞት እንደ ነበር ይጠርጠር።

ለመወሰን የሚቸገር ወንድም ወይም እኅት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ለራሱ ያቅርብ።

1ኛ፦ የማጠናውን ጥያቄ ለእናቴ በአንድ ዐረፍተ ነገር ልነግራት እችላለሁን? ካልቻልሁ ገና አልያዝሁትም ማለት ነው።

2ኛ፦ ለዚህ ጥያቄ አጭር መንገድ የለምን? ማስተርስ፣ የጥቂት ወር ሥልጠና ወይም ከአንድ ልምድ ካለው ባለሙያ ሥር መሥራት የሚበቃ ከሆነ አራት ዓመት ማጥፋት አያስፈልግም።

3ኛ፦ የሚመራኝ መምህር ማን ነው? ስመ ጥር መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የቀድሞ ተማሪዎቹን በስንት ዓመት እንዳስፈጸመ ጠይቆ መረዳት ይገባል።

4ኛ፦ ስማር የሚከፍለው ማን ነው? ከኔ የሚጠብቁ ታናናሾች ካሉ ከነርሱ ጋር ተመካክሬያለሁን?

5ኛ፦ ስጨርስ የምሄድበት ሥራ ማዕርጉን በእውነት ይፈልገዋልን? ወይስ ማዕርጉን የሚፈልገው የቢሮዬ በር ነው?

ለነዚህ ለአምስቱ መልስ ያለው ሰው ይማር፤ ማንም አያስቀረው። መልስ የሌለው ሰው ወደ ሥራ ቢሄድ እንደ ተሸነፈ አይቈጠር። ያገራችን ሰው «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይላል፤ የሰው ማዕርግ ባየ ቍጥር የሚያምረው ሰው የራሱን ሳይገዛ ገበያው ይበተንበታል።

ለመምህራኖቻችንና ለአስተዳዳሪዎችም የምናቀርበው አንድ ሐሳብ አለን። የጤና ጣቢያው፣ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ፣ የገጠሩ ትምህርት ቤት ያልመለሷቸው ጥያቄዎች ሞልተዋቸዋል። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ እነዚህን ጥያቄዎች ከየወረዳው ሰብስቦ ለዶክተርነት ተማሪዎች ቢያቀርባቸው፣ በወረዳው ለብዙ ዓመት ያገለገለውንም ባለሙያ ለትምህርቱ ቢያስቀድመው ሁለቱ ዕውቀቶች ይገናኛሉ። ቅኔ ቤቱ መማርንና ማስተማርን በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳዋለ፣ የጎንደር ኮሌጅም ተማሪውን ወደ ዳባትና ቈላ ድባ እየላከ እንዳሠለጠነ ከላይ አይተናል። ከሌላ አገር የምንቀዳው ሥርዓት አያስፈልገንም፤ በደጃችን ያለውን ማስፋት ይበቃናል።

ከአንባቢዎቻችን መካከል በዚህ አስተያየት የማይስማማ ቢኖር፣ በተለይም ሳይሠራ ቀጥሎ ተምሮ የተጠቀመ ወይም ሥራ ይዞ የመማሪያ ጊዜው ያለፈበት ሰው ቢኖር፣ ሐሳቡን በጽሑፍ ቢልክልን በሚቀጥለው እትም ቦታ እንሰጠዋለን። ክርክሩ ከመኝታ ቤት ወጥቶ በወረቀት ላይ ቢውል ለሁላችንም ይጠቅማል። ትክል ድንጋይ ላይ ልጁን የሚጠብቀው አባት የሚጠይቀው ስንት ዲግሪ እንደ ያዘ አይደለም፤ «ምን ታደርግልን ዘንድ ተማርህ?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዞ የሚመለስ ሰው፣ ዶክተር ቢባልም ባይባልም፣ ተምሯል።